የአልጋ ቆጠራ

ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ጉም መስኮቱን ልሶ፤
ቅጹ ከዞን መጣ፣ ላስቲክ ካፖርት ለብሶ።
አርባ ስምንት ገጽ ነው። ሽፋኑ ላይ፦
«የዓለም የተራራ ሩጫ ሻምፒዮናን
ለማስተናገድ የሚወዳደር ከተማ የሚሞላው»፤
ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፦ «እውነቱን ብቻ ይጻፉ።»

«ሙላው» አሉኝ ሹሙ፣ «ቋንቋ ብርቅህ አይደለም፤
ተራራውን እንደሁ፣ እግዜር ሞልቶት የለም?»

«ከፍታ» ሲል ጻፍኩኝ፣ «ከሦስት ሺህ በላይ»፤
«ሙቀት» ሲል ሳቅኩበት፣ ጓንት አለ እጄ ላይ።
«ማራኪ ስፍራ» ሲል ጓሳን አሰፈርኩት፣
ጭላዳው ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮ አከልኩት፣
ጅብራው በጉም መሀል ቆሞ እንደ ዘበኛ
(«ጥበቃስ?» ለሚለው እሱው ይሁን ለእኛ)።

ገጽ አሥራ ሰባት ላይ እጄ ቆመ።
«ከመነሻው በሠላሳ ደቂቃ ርቀት ውስጥ
ያሉ አልጋዎች ብዛት? ሙቅ ውሃ ያላቸውስ?»

ወጣሁ ለቆጠራ፣ ደብተር እርሳስ ይዤ፣
መሀል ሜዳን ዳር ዳር፣ ወፍጮ ቤት ተጉዤ።
አሰገደች ሆቴል፦ ዐሥራ አራት፤ ሁለቱ
ያፈሳሉ፣ አለች፣ ክረምት ነው ጥፋቱ።
(ዐሥራ ሁለት ጻፍኩ። እያየችኝ።)
ላቀው ፔንሲዮን፦ ስድስት፤ አንዱ ውስጥ ሚዛን አለ፣
የገብስ ነጋዴ ነው፤ «አነሣዋለሁ» አለ።
«ሙቅ ውሃ?» ስላቸው ጀሪካን ያሳዩኛል፣
«እስኪመጡ ድረስ ይፈላል» ይሉኛል።
ድምሩ አርባ አንድ። የሚፈልጉት ስምንት መቶ።

ወሬው ግን ቀደመኝ። በማግስቱ፣ በማለዳ፣
ቢሮዬ በራፍ ላይ ሰው እንደ ገበያ ሜዳ።
አንዷ «መደብ» አለችኝ፣ «ከነዝተቱ ነው፤
የኔን ቤት አድሮበት የበረደው ማነው?»
አንዱ ለልጁ ሠርግ ቤት አቁሞ ነበር፤
«ሠርጉ ይተላለፍ፣ እንግዳ ይከበር።»
ጋሽ ወልደየስ ብቻ ዝም ብሎ ያደምጣል፤
«ሊሮጥ ለመጣ ሰው አልጋ ምን ያመጣል?»

መደብን በቋንቋው ፈልጌ አጣሁት፤
«ከመሬት የበቀለ አልጋ» ብዬ ተረጎምኩት።
ይህ እውነት ነው? ይመስለኛል።

ሦስት ሆነው መጡ፣ ሰማዩ ተዘግቶ፣
አልጋ ያላስፈለገው ጉም ሜዳው ላይ ተኝቶ።
«ያ ገደል ነው» አልኩኝ፤ ነጭ ነው የሚያዩት።
«ያ ደግሞ ጭላዳ»፤ ድምፁን ነው የሰሙት።
አንዷ ገምጋሚ ሴት፣ ትንፋሿ ቢያጥራት፣
አሰገደች ሮጣ ዝተት አለበሰቻት፤
ከእሳቱ ዳር፣ ከመደቡ ላይ፣ እንቅልፍ ጣላት።
ጓደኞቿ ሰዓት ያያሉ፣
ሹሙ የንግግር ወረቀታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣
ማንም ግን አልቀሰቀሳት።

መልሱ በጥር ደረሰ። አንድ ገጽ፦
«ስለ ተሳትፏችሁ እናመሰግናለን።
ከተማችሁ በዚህ ዙር አልተመረጠችም።
ምክንያት፦ የአልጋ ብዛት።»
ከታች፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ተጣሞ፦ «የዚያ ዝተት ዋጋ ስንት ነው?»

ሹሙ ገጹን አንብበው፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣
ሌላ ነገር እንዳለ ባዶውን ሲቃኙ ቆዩ።
ላቀው ሚዛኑን መለሰ፤ ገብሱም ተመዘነ፤
የተላለፈው ሠርግ በጥር ሃያ ሆነ።
ዋጋውን ልጽፍላት አሰገደችን ብጠይቃት፣
ከጣራ ላይ ሆና፣ ሚስማር በከንፈሯ ነክሳ፣
«መጥታ ትጠይቀኝ በላት።»

ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ከሩቅ ያብረቀርቃል፤
ትናንት ሌሊት ዘንቦ፣ ወለሉ ግን ደርቋል።
ቢሮ ገባሁ። ማንም አላዘዘኝም።
ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ፣
አርባ አንድ የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣
አርባ ሦስት ጻፍኩ።