ስፖኪዮ

ፒክአፔ አርጅታለች፣ የታላቄ እኩያ፣
ባለ ሁለት ዲፍረንሻል፣ የደላንታ አህያ፤
ጭቃ አያስፈራትም፣ ዳገትም አይገዳት፣
የግራ ስፖኪዮዋን ሌባ ነው የጎዳት።

ሐረጎን ስወጣ አንገቴን አስግጌ፣
አይሱዙ ሲያጓራ በመስኮት ፈልጌ፣
ስንቴ ተረፍኩ፣ በእናቴ ዱዓ።

ደሴ ሸዋ በር ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩኝ፣
«ሞዴሉ ቆሟል፣ ጋሼ» እያሉ ሸኙኝ፤
አንዱ የባጃጅ ሰጠኝ፣ «በሽቦ እሰራት»፤
አንዱ «ሽጣት» ሲለኝ፣ ሰምታው እንዳይከፋት
ኮፈኗን ዳበስኩላት።

ዘጠነኛው ሱቅ ውስጥ፣ ሙሄ የሚሉት ልጅ፣
ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቅል ይዞ በእጅ፦
«ኦሪጅናል! ወላሂ! ከዱባይ፣ ያልተነካ!»
ጨርቁን ብገልጠው፣ የራሴው ነው ለካ፤
ጥጉ ላይ ስንጥቁ፤ ልጄ የለጠፈችው
ቢጫ ኮከብ እንኳ፣ ሌባም ያልላጠው።

«ሌባ!» ልለው ቃጣኝ። ከመስታወቱ ውስጥ
ፊቴ አፈጠጠብኝ፦
«ዓምና የገዛኸው ያ ርካሽ ፍሬቻ፣
ከማን መኪና ነው?»
ሳልኩኝ፣ አንዴ ብቻ።

ሦስት ሺህ ያለኝን በሁለት ጨረስነው፤
«ምርቃት» ብሎ ሁለት ብሎን ጨመረልኝ
(እነሱም የኔው ናቸው)።
ሐረጎን ወረድኩኝ፣ ወደ ኋላ እያየሁ፣
ማንም ሳይከተለኝ።