ቀኑ ያልታወቀ

ረቡዕ በመጣ ቁጥር፣ ዝናብ ከካፖርቷ አራግፋ፣
ያኮሚና ትገባለች፣ ምርኩዟን በሩ ላይ ደግፋ።
«ያንን መንገድ አውጣልኝ» ትላለች፤ ሌላ አትጠይቅም፤
ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ይዞ ሰው በወሬ አይዘገይም።
እኔ፣ የሚደልበርግ ካርታ ጠባቂ፣ ነጭ ጓንቴን አጥልቄ
መሳቢያውን እስባለሁ፣ ከዝገቱ ጋር ተናንቄ።

መጀመሪያ የቀለም ካርታው፤ ቀያሹ በእግሩ የለካው፣
ጭቃ ጫማውን ሲውጥበት፣ ውሻ ባጥር ሥር ሲያባርረው።
መንገዱ ይጠማዘዛል እንደ ሰካራም ሰው ፊርማ፣
ከእሾሁ አጥር ወደ ኩሬው፣ ከኩሬው ወደ ወፍጮው ማማ።
ማንም አላቀደውም፤ ላም ናት ያሰመረችው፤
ላሟን ሰው ተከተላት፣ ሰውየውን ጋሪው።

ቀጥሎ የአብራሪው ፎቶ፦ በዚያ በጦርነት ጊዜ
ቦምቡን የት እንደሚጥል ሊመርጥ ከሰማይ ያነሣው።
ቤታቸው የጥፍር ቁራጭ ታህላለች።
ጓሮው ላይ አራት ነጭ ነጥብ፤
«የሌንስ ጉድፍ» ብዬ መዝግቤዋለሁ፣ ድሮ።
ከጀርባው ማኅተም አለ፦ ቀኑ ያልታወቀ።

ሦስተኛው ላይ ምንም የለም። ግድቡ ፈርሶ ባሕር ገብቷል፤
ግራጫ ነው ዳር እስከ ዳር፣ የወፍጮው አናት ብቻ ወጥቷል።

አራተኛው የማስመሪያ ልጅ። ውሃው ሲወጣ መሐንዲስ ገባ፤
ለሁሉም እኩል አደለ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳያዛባ።
ላሟ ያሰመረችው ግን ለማንም አልደረሰም።

ዛሬ አጉሊ መነጽሩን ከእጄ ወስዳ ጎንበስ አለች።
ቆየች። አውቶቡሷ አለፈ።
«ምን ጉድፍ! አንሶላ ነው እንጂ፤ አራቱ፣ የአራታችን አልጋ፤
እናቴ የምታጥበው ሰኞ ነው፣ ክረምት ይሁን በጋ።
የወፍጮው ጥላ ደግሞ፣ ተመልከት፣ ወደ ምዕራብ ወድቋል፤
ጠዋት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ ይኸው፣ በዚህ ጣራ ሥር፤
ማባዛት አልሆን ብሎኛል።»

ምን እንደምል አላወቅሁም። አምስተኛውን አወጣሁ፦
ያምና ድርቅ፣ በድሮን የተነሣ፤
በመሐንዲሱ ቀጥ ያለ ማሳ፣ በገብሱ መሐል፣
የገረጣ ጠማማ መስመር፣
ከሌለው አጥር ወደሌለው ኩሬ።
ትገረማለች ብዬ ነበር።
«እዚያው ነዋ» አለች፤ «የት ይሄዳል?»
መነጽሩን መለሰችልኝ፣ ምርኩዟን ፈለገች።

እሷ ስትወጣ እርሳስ ቀረጽሁ።
ዓመቱን አላወቅሁትም፤ ወሩንም።
ከማኅተሙ ጎን፣ በትንሹ፣ ጻፍሁ፦
ሰኞ። ጠዋት።