የጫፍ ወንበር

አንድ ጥቅል ገመድ፣ አሥራ አንድ ኮምፒውተር፤
ቡሬ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሌላ አልነበረው ነገር።
ስንሻው ከግድግዳ ግድግዳ ወስዶ ዘረጋው፤
«ርካሽ ነው። የመስኖ ቦይ በሉት፣ ተራ ነው የሚያዋጣው፤
አንዱ ሲያጠጣ ሌላው እጁን ይሰብስብ።»

ሰኞ ሁላችን ባንዴ ላክን፤ የማንም አልደረሰ።
ማክሰኞ ጥሩዓለም ወንበሯን ስትስብ
ጫፉን የደፈነችው ቁራጭ ወለቀች፤ መልእክቱ ተመለሰ፣
ገደል መትቶ እንደሚመጣ ጩኸት እርስ በርሱ ተላተመ፤
አሥራ አንዱም፣ ጤነኛው ሳይቀር፣ ባንድ ትንፋሽ ታመመ።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ገመድ አይናገር፤
ስንሻው በጉልበቱ ዳኸ፣ ከወንበር ወንበር።
ሲመሽ አገኛት። ከአውራ ጣት አትበልጥም።
አጠበቃት፤ ሁሉም በራ። አልተቆጣንም።

የኔ ቦታ ጫፉ ላይ ነው።
ከዚያ ወዲህ እግሬን አልዘረጋም።