ውሃው ይጠየቅ

ቤርሳቤህ፣ ምድር ቤት፣ ሦስት በር አልፈው
አቶ ጓዴ ተቀመጡ፣ ልብሳቸውን ታቅፈው።
ከግራ ጭናቸው፣ ከጡንቻው ሥር ገብቶ
ሎሚ የሚያህል ነገር፣ ስድስት ወር ተኝቶ።
አያም፣ አይግል፣ አይናገር፤
«ዝምተኛ እንግዳ» ይሉታል፣ ስሙ እስኪነገር።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ እንጀራዬ ቃል ነው፤
የዛሬው ግን ይከብዳል፣ ገና ሳላወርደው።

ላሪሳ፣ ቴክኒሻኗ፣ ወረቀት ይዛ መጣች፤
«ልብ ላይ ባትሪ? ጥይት? የብረት ስንጣሪ?» አለች።
ሳቁ።
«ከብረት ጋር አይደል እንዴ ያደግሁት?
አምባ ጊዮርጊስ ማረሻ፣ ዲሞና በር ስሠራ የኖርሁት።
ፍንጣሪው ዓይኔን ስንቴ ላሰው፤
ስንቱን ሚስቴ በምላሷ ጠርጋ አወጣችው።»
በዚህ ሰበብ መጀመሪያ ዓይናቸው ፎቶ ተነሣ፤
«ማግኔቱ ብረት ካገኘ አይምርም» አለች ላሪሳ።
ንጹሕ ሆነ። ቀለበት ወለቀ፤
ራሳቸው ቀጥቅጠው የሠሩት የቀበቶ ዘለበት
መዳፌ ላይ ወደቀ።

ዶክተር ኢብቲሳም፣ የራሃጥ ልጅ፣ ሁለት ዓይነት አለ አለችን፤
አንዱ ሻፊር ነው፤ ሌላውን ስትል ድምጿን ቀነሰችብን።
«ሾፌር?» አሉ አቶ ጓዴ፣ «የቱ ነው ሾፌሩ?
ጭኔን ጭኖ የት ሊያደርስ ነው፣ የት ነው ማደሩ?»

ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርሁ። በአማርኛ ምን ልበል?
ዕባጭ ደግ ነው ይባላል? ገራም ነው ይባል?
ሌላውን «ክፉ» ብል ቃሉ ራሱ ይነክሳል፤
ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬ ይብሳል።

«ማሽኑስ በምን ይለያል?» አልኋት።
እጇን ዘረጋች።
«ሥጋ ውስጥ ውሃ አለ። ቦታ ካገኘ ይንሸራሸራል፤
ክፉው ሲራባ ግን ሴል በሴል ላይ ይከመራል፤
ውሃው መላወሻ ያጣል፣ ባለበት ይቀራል።
እንደ ዓርብ ቀትር አውቶቡስ፣ ክንድ ማንሻ የለ፤
ማሽኑ ያንን ያያል፣ ‹ማን ሄደ፣ ማን ቀረ› እያለ።
ኋላም በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣል፤
ተሻምቶ የጠጣው፣ ተጣድፎ የተፋው፣
እሱ ይጠረጠራል።»

«ገባኝ» አሉ። «ሙግት ነው። ተከሳሽ ካልተናገረ
ጎረቤቱ ይጠራል፣ አብሮት የኖረ።
ውሃው ይጠየቅ።»

በውሃ የተማማሉበት ከተማ ነው፣ ከአብርሃም ጀምሮ፤
ዛሬ ውሃው ራሱ ሊምል ነው፣ ተራው ደረሰው፣ ዞሮ ዞሮ።

ገቡ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ ከዚያ ጥድፊያ፣ እንደ ወናፍ ቤት።
«አይንቀሳቀሱ» ተብለዋል። አልተንቀሳቀሱም፤
አውራ ጣታቸው ብቻ ምቱን ይቆጥር ነበር፣
መዶሻውን የያዘውን ሰው የሚያውቁት ይመስል።
አርባ ደቂቃ፣
እኔ ዘለበቱን ጨብጬ፣
ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጬ።

ሥዕሉ ጥቁርና ግራጫ ነው። ኢብቲሳም ጎንበስ ብላ አየች፤
«እዚህ ውሃው ይሄዳል፤ እዚህ ጥግ ላይ ቆም ይላል» አለች።
«ወደ ሻፊር ያደላል። ሥዕል ግን ፍርድ አይደለም፤
ማክሰኞ በመርፌ ቅንጣት እንወስዳለን።»

«ያደላል» ብዬ ተረጎምሁ።
ቃሉን በአፋቸው አገላብጠው፣ እንደ ጥሬ ቆርጠመው፦
«ዳኛ አያዳላም ይባላል። ግድ የለም፤
ለዛሬ ያድላልኝ፣ ማክሰኞ ይፍረድ።»

ዘለበቱን ሰጠኋቸው። ሞቋል።
«ከእሳት የወጣ ይመስላል» አሉና ቀበቷቸውን አሰሩ፤
ከተለመደው ቀዳዳ አልፈው፣ ከሚቀጥለውም አልፈው፣
በምስማር አዲስ ከተበሳው ላይ።

ይህን አየሁ።
ለማንም ግን አልተረጎምሁም።