መረቡን ሳልጎትት

ከስታዲየም ጀርባ፣ ለገሃር ሳይደርሱ፣
ቀይ አፈር ሜዳ አለ፣ ቆርቆሮ ነው ልብሱ።
ባቡሩ በድልድዩ ሲያልፍ መስመሩ ይርዳል፣
የታክሲው ረዳት «ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላል፣
ዳኛው «ጸጥታ!» ሲል እሱ መች ይሰማል።

የሜዳው ሠራተኛ እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
አፈሩን በውኃ ማራስ፣ በመጥረጊያ መስመር ማውጣት፣
ጨዋታው ሲያበቃም ሰፊውን መረብ መጎተት።
ግን ከመጎተቴ በፊት
ጎንበስ ብዬ አነባለሁ።
አትሳቁብኝ፤ ማንበብ ነው ያልኩት።
ሰው በእግሩ ይጽፋል፤
አፈር ደግሞ አይዋሽም፣ የተረገጠውን ይይዛል።

ባለፈው እሑድ ለፍጻሜ ቀረቡ
ሁለት ሴቶች፣ በራኬታቸው ቤተሰብ የሚቀልቡ።

አንዷ መቅድም ናት።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም፤
ኳሷ ሳትደርስ ትደርሳለች፣ ቆማ ትጠብቃታለች፣
ባላጋራዋ ክንዷን ስትሰነዝር
እሷ ብድግ ትላለች፣ ጣት ታህል፣ ከምድር፤
ስታርፍ አውቃዋለች፣ ቀኝ ይሁን ግራ፣
ከዚያ ጥቃቅን እርምጃ፣ ጤፍ እንደሚዘራ።
ድምፅ የላትም። ላብ የላትም ማለት ይቻላል።
በእሷ በኩል ያለው ሜዳ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሌላዋ ቦንቱ ናት፤ እግዜር ይይላት!
ኳሷን ዘግይታ ነው የምታስታውሳት።
ሁለት ሜትር ሲቀራት ሩጫውን ትተዋለች፣
ጎኗን ሰጥታ፣ እግሯን ከፍታ፣ ትንሸራተታለች፣
ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደያዘ ሲኖትራክ፤
ጫማዋ ያቃስታል፣ አፈሩ ይረጫል፤
የሞተ ኳስ ከአጥሩ ሥር አንሥታ ትመልሳለች።
ሰው ሁሉ ይነሣል። እሷም ትነሣለች።
እኔ ግን የተቆፈረውን አያለሁ፣
አርባ ደቂቃ ሥራ እቆጥራለሁ።

ጋሽ ልሳኑ፣ አሠልጣኙ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣
«ጥሩ እግር» ይላሉ፣ «የማይታይ እግር ነው፤
እግር ከታየህማ አንድ ነገር ዘግይቷል።»
እኔም ለዓመታት በዚህ ነው የማልኩት፤ ሥራዬም ይቀላል።

በክበቡ ሻይ ቤት ታላላቆቹን በቴሌቪዥን አያለሁ፤
አንዱ ውኃ ላይ እንደሚሄድ፣ አንዱ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ፤
ግን መስታወት ዱካ አይይዝም።
ከላይ ሲያዩት ሁሉም ሩጫ ነው፤
ልዩነቱን የሚያውቀው አፈሩ ነው።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ አምስት ለአምስት ሆነው፣
ደመና ከእንጦጦ ወርዶ ብርሃኑን ሲያጠይመው፣
ቦንቱ ኳሷን ቀስ አድርጋ፣ አጠር አድርጋ ጣለቻት፣
ለጆሮ እንደሚነገር ነገር።
መቅድም ሁለት እርምጃ ሄደች።
ቆመች።
አስልታዋለች፤ አይደረስም ነበር፤ ልክ ናት።
በመጨረሻም ጨዋታውን ያሸነፈችው እሷው ናት።

ዋንጫ፣ አበባ፣ ፎቶ፤
ሰው ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ፒያሳ ተበተነ።
ሜዳው ለእኔ ሆነ።

አነበብኩ።
በመቅድም በኩል ንጹሕ ጽሕፈት፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው፤
አንድ ቦታ ላይ ግን ሁለት እርምጃ፣
ከዚያ ባዶ አፈር።
እሱ ላይ ብዙ ቆምኩ።
በቦንቱ በኩል ጭረት፣ በጭረት ላይ ጭረት፣
ያልደረሰችባቸው ኳሶች ሁሉ ፊት
እስከ መጨረሻው ተንሸራትታ የተሸነፈችበት።

የትኛው ይሻላል ብትሉኝ አልፈርድም፤
ጋሽ ልሳኑን ግን እንደ ድሮው አላምንም።
አንዱን ጭረት፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን፣ ዞሬ አለፍኩት፣
ሌሊት ዝናብ ያጥፋው ብዬ ተውኩት።

ሌላውን ሁሉ ጎተትኩ፣ በግራ ጉልበቴ እያነከስኩ
(ኳስ አቀባይ ሳለሁ፣ እዚሁ ነው የሰበርኩት)።
እኔም እግር አለኝ፣ እጽፋለሁ መቼም፤
ግን መረቡ ከኋላዬ ነው የሚመጣው፤
የራሴን፣ አንድም ቀን፣ አንብቤ አላውቅም።