የማይቀላው

ዐጅማን፤ ነሐሴ፤ የጀልባ መሥሪያው ሼድ፤
ቆርቆሮው በላያችን በፀሐይ ሲነድ፣
"ማራገቢያውን አጥፋው" አለኝ ሼርዛማን፣
"ነፋስ አርጎኑን ይበትነዋል።" አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ማን
ይተነፍሳል?

አሉሚኒየሙን በአሴቶን ወለወልኩት፣
ለእሱ ብቻ በተለየች ብሩሽ ፈተግኩት።
(ብረት የነካችን ብሩሽ ይጸየፋል፤
እንደ መንደሬ ሰው፣ ማን ከማን ጋር እንደበላ ይጠይቃል።)
ፔዳሉን ረገጥኩ። ቶርቹ እንደ ተነካ ቀፎ አጉረመረመ።
ጠበቅኩ፣ እንዲቀላ፤ ዓይኔ ካንድ ነጥብ ላይ ታተመ።

ሌላ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አባቴ ወናፍ አስይዞኝ
ከብረት ፊት ላይ ሰዓት ማንበብ ነው ያስተማረኝ፦
"ሲጠቁር ተወው፤ ሲቀላ ተነሣ፤
ብርቱካን ሲመስል መዶሻህን አንሣ።"
ብረት ያፍራል። ብረት ይናገራል።
ማረሻ ከመሆኑ በፊት "ደረስኩልህ" ይላል።

ይሄኛው አይቀላም።
ብር መስሎ ይቆያል፤ አይጠቁርም፣ አይፈካም፤
ከዚያ፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣
ከሥሬ ናድ አለ፤ ቀዳዳ፤ ትንሽዬ በረሃ።

"ሹዋይ ሹዋይ፣ ሐበሺ" አለ ሼርዛማን፤
"ቆዳ አለው ይሄ። ሥጋው ቀልጦ ሲያልቅ እንኳን
ቆዳው በሦስት እጥፍ እሳት 'እንቢ' ይላል።"
ስለ ቆዳ ለእኔ ማን ይነግረኛል?

የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ሳምንት፤ ከዚያ ወይ ጭምብል፣ ወይ ተመልሶ
የጀልባ ሆድ መፋቅ፣ ዛጎሉን በመሮ፣ ጨዉን በጨርቅ አብሶ።
ተንግስተኑን ከቀለጠው ኩሬ ነከርኩት፤ ጠቆረ፤
ሞረዱ ላይ ሳልኩት፤ መለስኩት፤ ዳግም ተነከረ።
መሳል እንጂ ብየዳ አልነበረም ያን ሰሞን የለመድኩት፤
ቀን በሞረዱ ሳልኩ፣ ማታ ባልጋዬ ሳልኩ፤ አቧራውን ነው የዋጥኩት።

አገር ቤት "ዓይናቸው ይበላል" ይሉን ነበር።
ሕፃን ያዘለች ሴት በደጃችን ስታልፍ፣ ነጠላዋን ወርወር
አድርጋ ልጇን ትሸፍናለች፤ እኔም ልጅ ነኝ፣ ቆሜ አያለሁ።
እዚህ ዓይን የሚበላው ብርሃኑ ነው። ሁለት ሌሊት
አሸዋ እንደ ሞላው ዓይን ይዤ፣ ድንች ልጬ ጋርጄ አንግቻለሁ።
ግን ዘሬን አልጠየቀም።
ያለ ጭምብል ላየው ሁሉ እኩል ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቀለም መጠበቅ ተውኩኝ።
ላዩን ብቻ አየሁ። ልሙጡ ወዝ አለ፣ መስተዋት ሆነኝ።
አይቀላም እንጂ፣ ለካ፣
እንባ ያቀርራል፣ ልቡ ሲነካ።

ያኔ ሽቦዬን ጠብ አደረግኩ። ተቀበለኝ። እግሬን አላላሁ።
"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲባል ስንት ዘመን ሰማሁ፤
እግር ምን እንደሚያውቅ ግን የገባኝ ገና ዛሬ፣ ፔዳሉ ላይ።
ጠብ፤ ፈቀቅ። ጠብ፤ ፈቀቅ።
አምስት የዓሣ ቅርፊት፣ አንዱ ባንዱ ላይ።
ስድስተኛው ተጣመመ፤
ተንግስተኑ ነካ፣ ጠቆረ፣ አከተመ።

ሼርዛማን ገና ትኩሱን በጓንቱ አውራ ጣት ዳበሰው፤
እስከ አምስት ቆጠረ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ አለፈው።
ምንም አላለም።
ሄዶ ማራገቢያውን አበራው።