እትም ሰባት ነጥብ ሁለት

ቱሉ ዲምቱ ማታ፣ መብራት እንደ ጠፋ፣
ፍሬሰንበት ወጣች፣ ላፕቶፗን አቅፋ፤
ኔትወርክ የሚገኘው ጣሪያው ሥር ነውና።
የጤፉን ማሳ የበላው ብሎክ ሁሉ ጨልሟል፤
ጅቡ ከወንዝ ማዶ አንዴ ጮኾ ቆሟል።
ባትሪው ዐሥራ ሁለት ሲል ደረሳት ዜና፦

የጽሕፈቱ ፕሮግራም፣ ኮዱን ያልደበቀው፣
እትም ሰባት ነጥብ ሁለትን ዛሬ ለቀቀው።
ከታረመው መሃል፣ ከዝርዝሩ ወርዶ፦
«ኳ ሳጥን አይሆንም መስመር ጫፍ ላይ ሄዶ።»
የሦስት ወር ሌሊቷ፣ አንድ መስመር አክሎ!
ስሟም አለ እዚያው፣ አንድ ፊደል ጎድሎ።

ሳቀች።

ከሥር ሌላ ዜና፣ ጠባቂው የጻፈው፦
«ዐሥራ አንድ ዓመት ያዝኩት፤ አላገኘሁም ሳንቲም፤
ልጄ ሳላያት አደገች፤ ዓይኔም ደክሟል፣ አያይም።
ቁልፉን የሚረከብ...»
ብሎ አልጨረሰውም።

ፍሬሰንበት ዝም አለች። ታች፣ ግቢው መሃል፣
የውሃ ቦቴ መጥቶ ጡሩንባ ይነፋል፤
ባዶ ጄሪካን ሁሉ ኳ! ኳ! ኳ! ይላል።
«ፍሬ! ወረፋሽ ነው! ማን ይቀዳልሻል?»

ባትሪው ሦስት ላይ ነው።
«እሺ» ብላ ጻፈች፤ «እሺ!» አለች ጮሃ፤
ጣቷ ወደ ሰውዬው፣ ድምጿ ወደ ውሃ።